የመረጥኩትን ሰው ስም አላውቀውም ነበር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጎንደር ከተማ፣ አራዳ ገበያ አጠገብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ከ30 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ሬዲዮ መዳኑ የሚታወቀው ከፍ አድርገው ሲያሰሙት ነውና ሱቄ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚናገር ሰው አይጠፋም። የመሪዎችን ንግግር ከደንበኞቼ ጋር አብሬ እሰማለሁ፤ ንግግሩ ካበቃ በኋላ ደንበኞቼ የሚሉትንም እሰማለሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይኸው ሁለተኛው ነው።

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ዋዜማ ሥራ በዝቶልኝ ነበር። ገዢው ፓርቲና ተቃዋሚዎች በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ፊት ለፊት ይከራከሩ ስለነበር፣ ቆጥ ላይ ተረስቶ የኖረ ሬዲዮ ሁሉ አቧራው ተራግፎ ወደ እኔ መጣ። ከደንቢያ ቅዳሜ ቅዳሜ ነጭ ሽንኩርት ይዘው የሚመጡ አንድ አዛውንት ስለ መሬት ፖሊሲ የተደረገውን ክርክር ሰምተው፣ "መሬቱ የመንግሥት ነው ከተባለ ልጄ ምን ይወርሳል? ይሸጥ ከተባለስ፣ በክፉ ዘመን ለእህል ሸጬው ልጄ ምን ይወርሳል?" ብለው ሁለቱንም ወገን በአንድ ትንፋሽ ጠየቁ። እንዲህ ያለ የበሰለ ጥያቄ በሱቄ ውስጥ ብዙ ጊዜ አልሰማሁም።

ምርጫው ሲቃረብ ቃናው ተለወጠ። የገዢው ፓርቲ ከፍተኛ መሪዎች ተቃዋሚዎችን ከሩዋንዳው ኢንተርሃምዌ ጋር ማመሳሰል ጀመሩ። ከተቃዋሚዎችም ወገን ዘለፋ አልጠፋም። አዛውንቱ በቀጣዩ ቅዳሜ ሲመጡ የመሬቱን ነገር አላነሡም። "ይህ ኢንተርሃምዌ የሚሉት ምንድን ነው?" አሉኝ። በ1986 ዓ.ም. ሩዋንዳ ውስጥ ሕዝብ የፈጀ የታጠቀ ቡድን መሆኑን ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ "እንግዲያው ጎረቤቴ ሊገድለኝ ነው?" አሉ። ጎረቤታቸው ለሌላ ፓርቲ ይቀሰቅስ ነበር። ሩዋንዳ ውስጥ ጥላቻውን በየቤቱ ያዳረሰው ሬዲዮ መሆኑን የተረዳሁት ግን ኋላ ነው፤ ለእኔ ለሬዲዮ ጠጋኙ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚያው ሰሞን፣ በየወሩ በ12 የሚካኤልን ጽዋ ከምንጠጣው ማኅበርተኞች መካከል ሁለቱ ተጣሉ። በመካከላቸው የድንበርም የገንዘብም ጠብ አልነበረም። የሚወራወሩት ቃል ጠዋት ከሬዲዮ የሰማሁት ነው፤ ቃል በቃል፣ ከነድምፁ መወፈር። አንደኛው ሁለት ዓመት ሙሉ ከማኅበሩ ቀረ። ሰው በገዛ ራሱ በደል ቢቆጣ በማግስቱ ሽማግሌ ገብቶ ያበርደዋል። ከሌላ አፍ የተዋሱትን ቁጣ ግን ሽማግሌ ከየት ብሎ ይጀምረዋል?

ስለ ሰው ብቻ አላውራ። ግንቦት 7 ቀን ጎህ ሳይቀድ ተሰለፍኩ። ተራዬ ደርሶ ስገባ ልቤ ያሰበው መምረጥን ሳይሆን መቅጣትን ነበር። ወረቀቱ ላይ የፈለግሁት ምልክቱን ብቻ ነው፤ ከጎኑ የተጻፈውን የእጩውን ስም አላነበብኩትም። ከሳምንት በኋላ ልጄ "አባባ፣ ማንን መረጥክ?" ስትለኝ የፓርቲውን ስም ነገርኳት። "ሰውየውስ?" ስትል መልስ አጣሁ። ያን ጊዜ በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነበር፤ ይህችው ልጅ ጄሪካን ተሸክማ ስትመለስ እያየሁ፣ ስለ ውሃው ምን እንደሚያስብ አንድም ቀን ላልጠየቅሁት ሰው ድምፄን ሰጠሁ። ለየትኛው ወገን እንደነበር ብናገር አይጠቅምም። በሌላው ወገን የቆሙ ጓደኞቼም እንደ እኔው መሆናቸውን አጫውተውኛል።

የተቆጣ ሰው አይጠይቅም። የማይጠይቅ መራጭ ደግሞ ለመሪ እጅግ የሚመች ነው፤ መሪዎች ቁጣውን የማይተዉት ለዚህ ይመስለኛል። ለመቅጣት የወጣ ሰው ቢያሸንፍ ተሸናፊውን እንደ ጠላት ያየዋል። ቢሸነፍ፣ በእርግጥ ተበድሎ እንኳ ቢሆን፣ ማስረጃ አሰባስቦ የመሟገት ትዕግሥት አይኖረውም። ከዚያ ምርጫ በኋላ በተነሣው ግጭት የ193 ሲቪሎችና የ6 ፖሊሶች ሕይወት መጥፋቱን ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን መዝግቧል። በኬንያም ከታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ከ1,000 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በዚያው አገር ግን ሌላ መራራ ምርጫ ካለፈ ከወራት በኋላ፣ የካቲት 30 ቀን 2010 ዓ.ም. በወቅቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኡሁሩ ኬንያታና ተቀናቃኛቸው ራይላ ኦዲንጋ በአደባባይ ተጨባበጡ፤ የአገሩም ውጥረት ረገበ። ሁለት ሰዎች እጅ ሲዘረጉ ይህን ያህል የሚበርድ ከሆነ፣ ሲቆጡ ምን ያህል እንደሚነድ አስቡት።

ቁጣ ሁሉ ክፉ ነው አልልም። በእነዚህ ዓመታት በአካባቢያችን የደረሰውን የሚያውቅ የጎንደር ሰው አትቆጣ ቢባል አይሰማም፤ እኔም አልለውም። መሪ ግን የሕዝቡን ቁጣ ተቀብሎ ወደ ሥራ መለወጥ እንጂ መልሶ በሕዝቡ ላይ ማራገብ የለበትም። "ማን በደለህ?" እያለ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስጮኸው መሪ፣ ጠዋት "ምን ላድርግልህ?" ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም።

ክቡር አዘጋጅ፣ ምርጫ ሲመጣ ማን ማንን ምን ብሎ እንደ ዘለፈ በፊት ገጽ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉልን። በጎንደር ለሚወዳደሩት እጩዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርቡላቸው፦ ለከተማችን ውሃ ይሰጣል የተባለው የመገጭ ግድብ ለዓመታት ለምን ተጓተተ? እናንተ ብትመረጡ ምን ታደርጋላችሁ? ያን የደንቢያውን አዛውንት የመሬት ጥያቄም ጨምሩበት። መልሳቸውን ሳታሳጥሩ አትሙት። የእያንዳንዱን እጩ ስምም ከምልክቱ በላይ ጎላ አድርጋችሁ ጻፉልን፤ በዚህኛው አነበዋለሁ።

ሬዲዮ ጠጋኙ አንባቢያችሁ
ከጎንደር፣ አራዳ