ሽጉጡ ሲወጣ መጀመሪያ ለማን ይንገር?

ለክቡር አዘጋጅ፣

ሽጉጡ ሲወጣ አውቆ ምልክት የሚልክ ሴንሰር ስለተገጠመለት የሽጉጥ አፎት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛውን ሱቄ ውስጥ ለደንበኞቼ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ቆዳ እሰፋለሁ። ቀበቶ፣ ዝናር፣ የበቅሎ ዕቃ፣ አልፎ አልፎም የሽጉጥ አፎት። ነገሩ የእጄ ሥራ ስለሆነ ዝም ማለት አቃተኝ።

ሐሳቡን አልጠላሁትም። ግን የተወለደው ለሌላ አገር ችግር ነው። አሜሪካ ውስጥ ፖሊሶች ደረታቸው ላይ ካሜራ ያደርጋሉ። የሚያበራው ፖሊሱ ራሱ ነው። በጭንቅ ሰዓት ቁልፍ መጫን ማን ትዝ ይለዋል? እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 ሚኒያፖሊስ ውስጥ አንዲት ሴት ለፖሊስ ደወለች፤ ከመጡት ሁለት ፖሊሶች አንዱ ተኩሶ ገደላት። የሁለቱም ካሜራ አልበራም ነበር። አክሰን የተባለው ኩባንያ በዚያው ዓመት ያወጣው ሴንሰር እንዲህ ያለውን ክፍተት ለመድፈን ነው። አፎቱ ላይ የሚገጠም ትንሽ ነገር ነው። ሽጉጡ ሲመዘዝ ምልክት ይልካል፤ 9 ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ያሉት የኩባንያው ካሜራዎች በራሳቸው መቅዳት ይጀምራሉ።

እኔ ግን ጎንደር ውስጥ ደረቱ ላይ ካሜራ ያደረገ ጥበቃ አይቼ አላውቅም። ታዲያ ምልክቱ ወዴት ይሂድ? ጸሐፊው በኢንተርኔት ወደ ማዕከል ይላክ ይላሉ። እንዴ! በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ስንት ወር እንደከረመ ረሱት? መብራቱን ደግሞ አንነጋገር።

መጀመሪያ ለባለቤቱ ይንገር ነው የምለው። ምክንያቴን ልንገራችሁ፤ ጥፋቱም የራሴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ጥበቃ አፎት ሰፋሁለት። አፎት ሲሠራ ቆዳው ይነከርና በሽጉጡ ልክ ተወጥሮ እስኪደርቅ ይቆያል። እኔ ቸኮልኩና በደንብ ሳይደርቅ አስረከብኩት። ውሎ ሲያድር ላላ። አንድ ምሽት ሰውዬው በባጃጅ ወደ አዘዞ ሲሄድ ሽጉጡ ሾልኮ ወንበሩ ላይ ቀረ። የባጃጁ ልጅ ጨዋ ሆኖ ነው ፈልጎ የመለሰለት። በማግስቱ ሱቄ መጥቶ ያወረደብኝን እዚህ አልጽፈውም።

ማንም አልመዘዘም፤ ሽጉጡ ግን ወጥቷል። ያኔ ወገቡ ላይ የሆነ ነገር ቢነዝረው ኖሮ ከባጃጁ ሳይወርድ ይነቃ ነበር።

የእህቴ ልጅ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ይማራል። ይህን ታሪክ ከሰማ ወዲህ ሽጉጡ ሲወጣ የሚነዝር አፎት ለመሥራት አብረን እንሞክራለን። አደራ፣ በእንጨት ሽጉጥ ነው! ብረት ለጥፈንበታል። መጀመሪያ በር ሲከፈት እንደሚጮኸው ማስጠንቀቂያ በማግኔት ሠራነው። ማግኔቱ ሽጉጡ ላይ መለጠፍ አለበት፤ ያ አስጠላኝ። በዚያ ላይ የሴት ቦርሳ ማግኔት ሲጠጋው ሽጉጡ ወጥቶም እንዳለ ይቆጥረዋል። ቀጥሎ ብረት የሚለይ የሽቦ ጥቅል ቆዳው መሐል ሰፋን። ይሄ ይሻላል፤ ሽጉጡ ላይ ምንም አይነካም። ችግሩ ሰው ጎንበስ ሲል ሽጉጡ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሴንሰሩም ወጣ ብሎ ይነዝራል። ልጁ ግማሽ ሰከንድ እንዲታገሥ አደረገው። ደረጃ ስወጣ ሦስቴ ይረብሸኝ የነበረው አሁን ዝም ይላል።

ሁለተኛው ሥራው መዝገብ መያዝ ነው። የወጣበትንና የተመለሰበትን ሰዓት እዚያው አፎቱ ውስጥ ይጻፍ። ኔትወርክ አያስፈልገውም። ጥበቃዎች በፈረቃ አንዱን መሣሪያ ይቀባበላሉ። «በኔ ተራ አልተነካም» «ተነክቷል» ሲባል አፎቱ ይመስክር። ካሜራ ሳይኖር ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል?

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ሽጉጥ ስሙ ራሱ ከመሸጎጥ ነው የመጣው። ብዙ ሰው አፎት የሚባል ነገር የለውም፤ ወገቡ ላይ ሽጉጥ አድርጎት ይሄዳል። አብዛኛው ጥበቃ ደግሞ ክላሹን በትከሻው አንግቷል። ለሠርግና ለለቅሶ የሚተኩሰውን እንተወው። እነዚህን ሁሉ የኛ ሴንሰር አያያቸውም። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ ፈቃድ ላለውም አፎት በቅድሚያ ግዴታ ቢሆን ደስ ይለኛል። ቆዳ ሰፊ ስለሆንኩ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ትንሽ እውነት አለው።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ስለ ላብ ነው። ጽሑፋቸው ውስጥ አላገኘሁትም። አፎት ቀኑን ሙሉ ከሰው ጎን ተጣብቆ ይውላል፤ ቆዳ ላቡን ይጠጣል፣ ጨውም ይይዛል። የኛው ሽቦ በሦስት ሳምንት አረንጓዴ ዝገት አወጣ። ሰም ቀባነው፤ ሙቀት ሲነካው ቀለጠ። አሁን በብስክሌት ከመነዳሪ ጠቅልለን ሰፍተነዋል። የሚያውቁት የተሻለ መላ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፉልን፤ ልጁም እኔም እንጠብቃለን።

ቆዳ ሰፊው፣ ከቅዳሜ ገበያ፣ ጎንደር