ከፎርማት በፊት የሰዓት ባትሪውን ይለኩ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

መስከረም በጠባ ቁጥር ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ አንድ ዓይነት አቤቱታ ይሰማል፦ «የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክረምቱን ተዘግቶበት ከርሞ አልነሳ አለ፤ ሲዲ ቢገባለትም አያነብም»። ፍርዱም ወዲያው ይሰጣል፤ ወይ «ፎርማት ይደረግ» (ዲስኩ ተደምስሶ እንደ አዲስ ይጫን) ወይ «አርጅቷል፣ ይወገድ»። ብዙ ጊዜ ሁለቱም የችኮላ ፍርድ ናቸው። መጀመሪያ መታየት ያለባት ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ የተቀመጠችው፣ ሳንቲም የምታክለው የሰዓት ባትሪ ናት።

ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩ ለማዘርቦርዱ ትንሽ ኃይል ይልካል፤ ሰዓቱም በዚያ ይሠራል። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዳያቃጥለው ተብሎ ሲነቀል ግን ሸክሙ በሙሉ ባትሪዋ ላይ ያርፋል። መንቀሉን አንቃወምም፤ ከፓወር ሰፕላይ ባትሪ ይረክሳል። ሐምሌና ነሐሴን ተነቅሎ የከረመ፣ ባትሪው ለዓመታት ያልተቀየረ ማሽን ግን ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ ከዊንዶውስ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) የተሞላለትን ሁሉ ረስቶ ይገኛል። ምልክቱ ቀኑ ነው፤ 2002 ወይም 2009 ይላል። በእኛ አቆጣጠር እየቆጠረ የሚመስለው ሰው አይጠፋም! ማሽኑ ግን በፈረንጆቹ ቆጠራ ማዘርቦርዱ ወደተሠራበት ዘመን ተመልሶ ነው።

የሚጠፋው ደግሞ ሰዓቱ ብቻ አይደለም። የማስነሻው ተራም (ማሽኑ ከየትኛው ዲስክ ቀድሞ እንደሚነሳ) ፋብሪካው ወደሞላው ይመለሳል፤ ሃርድ ዲስኩ ቀድሞ ከተቀመጠ የገባውን ሲዲ ዞር ብሎ አያየውም። የባሰው የሃርድ ዲስኩ አሠራር ሲለወጥ ነው። ዊንዶውስ 7 በኤኤችሲአይ (በአዲሱ አሠራር) ተጭኖ ሳለ ባዮሱ ወደ አይዲኢ (ወደ አሮጌው) ከተመለሰ፣ ዊንዶውሱ አርማውን አሳይቶ ሰማያዊ ስክሪን ያወጣና እንደገና ይነሳል። ፋይሉ አንድም አልተነካም። በዚህ ሰዓት ፎርማት ያደረገ ባለሙያ የተማሪ ውጤትና የሒሳብ ሰነድ በከንቱ ደመሰሰ ማለት ነው። ባዮስ ገብቶ «ሳታ ሞድ» የሚለውን ወደ ነበረበት መመለስ ግን ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ባትሪዋን ለመቀየር ገመዱን ከግድግዳ ነቅለው ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ይጫኑ፤ የቀረው ኃይል ይፈስሳል። የሲስተም ዩኒቱን ብረት ነክተው መያዣዋን በትንሽ ካቻቢቴ ገፋ ያድርጉ፤ ብቅ ትላለች። አዲስ ባትሪ በቴስተር ሲለካ 3 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከ2.7 በታች የወረደውን ይጣሉት። ሱቅ ውስጥም ሳይለኩ አይግዙ፤ መደርደሪያ ላይ ያለቀ ባትሪ ሞልቷል። የሚፈለገው ሲአር 2032 ነው፤ ቁጥሩ ራሱ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው ይላል። «ያው ነው» ተብሎ የሚሰጠው 2025 ውፍረቱ 2.5 ብቻ ስለሆነ መያዣው ውስጥ ይላላል፤ ኮምፒውተሩ በተነቃነቀ ቁጥርም ባዮሱ ይረሳል። የመደመር ምልክት ያለበት ፊት ወደ ላይ ይሁን።

ከዚያ ማሽኑን አብርተው ወዲያው ዲሊት ወይም ኤፍ 2 ደጋግመው ይምቱ፤ ሰዓቱን ያስተካክሉ፣ ሲዲውን ያስቀድሙ፣ በኤፍ 10 ያስቀምጡ። ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ዴል ላይ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ወይም ኢስኬፕ የማስነሻ ምርጫውን ያወጣል። ከሲዲው ለመነሳት ማንኛውንም ቁልፍ ተጫኑ የሚለው ጽሑፍ የሚቆየው 5 ሰከንድ ያህል ነው፤ ሻይ ሊቀዱ ከዞሩ አልፏል። ቁልፉን ተጭነው ካልሰማ ኪቦርዱ የዩኤስቢ ይሆናል፤ ባዮስ ውስጥ «ዩኤስቢ ሌጋሲ» የሚለውን ይክፈቱለት።

ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም ካልተነሳ ወደ ዲስኩ ይዙሩ። እዚህ ሰፈር የሚበዛው ስሕተት የአይኤስኦ ፋይሉን (የሙሉውን ዲስክ ግልባጭ በአንድ ፋይል የያዘውን) እንዳለ ኮፒ አድርጎ ዲቪዲ ላይ መጻፍ ነው። ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይክፈቱት፤ አንድ ትልቅ ፋይል ብቻ ከታየ አይነሳም፣ ፎልደሮች ከታዩ ደህና ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ ነክቶ «በርን ዲስክ ኢሜጅ» ማለት ይበቃል። የመጻፊያ ፍጥነቱን 4 ወይም 8 ያድርጉት። ተደጋግሞ የሚጻፍበት ዲስክ ብርሃን የሚመልሰው በጥቂቱ ስለሆነ ያረጀ ሌንስ ይቸገርበታል፤ አንድ ጊዜ የሚጻፍበትን ይምረጡ። የሲዲ ማንበቢያውን ፊትም ይዩ፤ የዲቪዲ ምልክት ከሌለው 700 ሜጋ ባይት የሚይዘውን ሲዲ ብቻ ነው የሚያነበው፣ የዊንዶውስ 7 ዲቪዲ ለእሱ ባዳ ነው።

ሌንሱ የአቧራ ጉዳይ ነው። የጥጥ ጫፍ በፋርማሲ አልኮል ነክረው፣ ጨምቀው፣ ሳይጫኑ ከመሃል ወደ ዳር ያዙሩና እስኪደርቅ ይጠብቁ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን እንዳይነካው፤ ሌንሱ ፕላስቲክ ስለሆነ ይደበዝዛል። በብርድ ጠዋት ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ማሽንም ወዲያው አይከፈት፤ የቀዘቀዘ ሌንስ ሞቃት አየር ሲያገኝ ጤዛ ይይዛል። አንድ ሰዓት ይረፍ።

ጠፍጣፋ ሰፊ ኬብል ባላቸው የቆዩ ማሽኖች ላይ ማንበቢያውና ሃርድ ዲስኩ በአንድ ኬብል ከታሰሩ ጀምፐራቸው (ከኋላቸው ያለችው ትንሽ መሰኪያ) መለያየት አለበት፤ አንዱ ማስተር (ዋና)፣ ሌላው ስሌቭ (ተከታይ)። ሁለቱም ማስተር ከሆኑ ባዮሱ አንዱን ወይም ሁለቱንም አያይም። የኬብሉ ሰማያዊ ጫፍ ማዘርቦርዱ ላይ ይገባል።

ማንበቢያው ራሱ ከሞተ ከተጣለ ማሽን ላይ መዋስ ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ግን ውፍረቱን ይለኩ፤ 12.7 እና 9.5 ሚሊ ሜትር የሆኑ አሉ፣ ወፍራሙ የቀጭኑ ቦታ አይገባም።

አንድ ነገር ብቻ እንለምናለን። ክዳኑን ከመዝጋትዎ በፊት የማስነሻውን ተራ፣ የሳታ ሞዱንና ባትሪው የተቀየረበትን ቀን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈው ከውስጥ በኩል ይለጥፉ። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ይጻፉበት።

ከደሴ፣ የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኞች