ሰርቭ ከእግር ይጀምራል፤ የልጆቻችንን ትከሻ አንጨርስ

ይድረስ ለጋዜጣው የስፖርት ገጽ አዘጋጆች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከአዳማ ነው። ስለ እግር ኳስና ስለ ሩጫ በየሳምንቱ ታስነብቡናላችሁ፤ ደስ ይላል፣ በርቱ። ቴኒስ ላይ ስትደርሱ ግን ከውጤት ዜና አታልፉም። ማን አሸነፈ፣ ስንት ለስንት፣ በቃ። ጨዋታው እንዴት እንደሚለመድ፣ ልጅ ከየት እንደሚጀምር የሚነግረን የለም። እኔ ዛሬ ስለ አንድ ነገር ብቻ ልጻፍ፦ ስለ ሰርቭ፣ ማለትም ኳሷን ወደ ላይ ወርውሮ ጨዋታውን ስለሚያስጀምረው ምት።

በከተማችን ልጆች ሰርቭ ሲለማመዱ ቆሞ ያየ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው አንድ ትእዛዝ ነው። «ምታት! ጠንክረህ ምታት!» ልጁም ይታዘዛል። ጥርሱን ነክሶ፣ አንገቱን ገትሮ በክንዱ ብቻ ይመታል። ኳሷ ወይ መረብ ላይ ትቀራለች፣ ወይ ከሜዳ ትወጣለች። «አሁንም ደካማ ነው፣ ጨምር» ይባላል። ይጨምራል። በዚህ ዓይነት ትከሻቸውን እያመማቸው ራኬታቸውን የሰቀሉ ልጆች አሉ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ይቆጨኛል።

ክንድ የሰርቩ መጨረሻ እንጂ መነሻው አይደለም። ኃይሉ የሚነሳው ከመሬት ነው። እግር መሬቱን ይገፋል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ደረትና ትከሻ ይከተላሉ፣ ከዚያ ክንድ፣ በመጨረሻ የእጅ አንጓ። እያንዳንዱ ከበታቹ የመጣውን ተቀብሎ፣ ጨምሮበት ወደ ላይ ያሳልፋል። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ይህንን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ጅራፍ የሚጮኸው እጅ ስለበረታ ሳይሆን ከወገብ ተነስቶ በሰዓቱ ሲመለስ ነው። ሰርቭም እንደዚያው። ከመካከል አንዱ ከቀረ ወይም ከተራው ቀድሞ ከሄደ የቀረውን ዕዳ ትከሻ ይከፍላል።

ባለፈው ሰሞን አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ልጅ ስትለማመድ ተመለከትኩ። ኳሷን የምትወረውራት ከራሷ በላይ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ነው። እሷን ለመድረስ ጀርባዋ ይለመጣል፣ ክብደቷ በሙሉ ቀኝ ተረከዟ ላይ ይቀራል። መታ ስትጨርስ ወደ ፊት መሄዱ ቀርቶ ወደ ኋላ ትንገዳገዳለች። «እጅሽን አፍጥኚ» ይሏታል። እጇ እኮ ምንም አልሆነም! ኳስ ወደ ኋላ ከሄደች ሰውነት ወደ ፊት የሚሄድበት ምክንያት የለውም።

እንደ እድል ሆኖ አንድ አንጋፋ ተጫዋች ጠጋ አለና «የኔ ልጅ፣ አትምቻት። ወርውሪያትና ተያት፣ ትውደቅ» አላት። የራሱን ራኬት ከግራ እግሯ ፊት መሬት ላይ አጋደመው፣ ጭንቅላቱ ወደ ሜዳው ውስጥ። ሥራዋ የወረወረቻት ኳስ ራኬቱ ጭንቅላት ላይ እንድታርፍ ማድረግ ብቻ ሆነ። መጀመሪያ አንዷ ቀኝ፣ አንዷ ግራ፣ አንዷ ከጀርባዋ ትወድቅ ነበር። ጣቶቿን ላላ አድርጋ፣ ክንዷን እንደተዘረጋ ከፍ አድርጋ፣ ኳሷን ፊቷ አካባቢ ስትደርስ መልቀቅ ስትጀምር ግን ተስተካከለች። ከዚያ «አሁን ምቻት» አላት። ስለ እግር አንድም ቃል አልነገራትም። ግራ እግሯ ራሱ መስመሩን አልፎ ሜዳው ውስጥ አረፈ፣ ቀኟ ወደ ኋላ ተነሳ። ኳሷን ለማግኘት ወደ ፊትና ወደ ላይ መሄድ ግድ ሆነባታ! (ይህ ሁሉ ቀኝ እጅ ለሚጫወት ነው፤ ግራኝ ይገልብጠው።)

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፣ ወደ ጊዜው። «ክብደትህን ወደ ፊት አምጣ» ማለት ብቻውን ልጅን ያሳስተዋል። ብዙዎቹ ይህን ሲሰሙ ኳሷ ገና ወደ ላይ እየወጣች እነሱ ወደ ፊት ይወድቃሉ። ዳሌያቸው ሄዷል፣ ጉልበታቸው ተዘርግቷል፣ ኳሷ ስትደርስ የቀረላቸው ክንድ ብቻ ነው። ተመልሰው እዚያው። ሌሎቹ ደግሞ ጉልበታቸውን አጥፈው እዚያው ይቆማሉ፣ መጠበቅ ይሆንባቸዋል፣ የታጠፈው ጉልበት ይቀዘቅዛል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ክብደት መጀመሪያ ትንሽ ወደ ኋላ ይወዛወዛል። ኳሷ ከእጅ ስትለቀቅ ወደ ፊት እግር መምጣት ይጀምራል። ጉልበት በደንብ የሚታጠፈው ኳሷ የመጨረሻ ከፍታዋ ጫፍ ላይ ልትደርስ ስትል ነው፤ በዚያች ቅጽበት ግራ እጅ ወደ ሰማይ እንደተዘረጋ ነው፣ ራኬቱም ከራስ ጀርባ ከፍ ብሏል። ኳሷ መውረድ ስትጀምር እግር ይገፋል። ግፊቱም ከፊት ይልቅ ወደ ላይ ያደላ ነው፤ ወደ ፊት የምንሄደው ኳሷ ከፊታችን ስላለች ነው እንጂ ለመሮጥ አይደለም።

ጊዜው ደግሞ በጣም አጭር ነው። ኳሷ ከምትመታበት ቦታ ግማሽ ሜትር ከፍ ብላ ከሆነ ከጫፏ ራኬቱ ጋ ለመውረድ የሚፈጅባት የሰከንድ ሲሶ ያህል ነው። አንድ ሙሉ ሜትር ከፍ ካለች ወደ ግማሽ ሰከንድ ይጠጋል፣ ግን ስትደርስ በሰከንድ ከ4 ሜትር በላይ ፍጥነት እየወረደች ነው፣ ስለዚህ መሀሏን ማግኘት ይከብዳል። ከፍ ያለ ውርወራ ጊዜ ይሰጣል፣ በሌላ በኩል የምትመታበትን ትክክለኛ ቅጽበት ያሳጣል። የቀድሞዋ የጀርመን ኮከብ ስቴፊ ግራፍ በጣም ከፍ አድርጋ ትወረውር ነበር። በ2001 (እ.ኤ.አ.) የለንደኑን የዊምብልደን ዋንጫ ያነሳው ክሮኤሺያዊው ጎራን ኢቫኒሰቪች ደግሞ ኳሷ ገና ጫፏ አካባቢ እያለች ነበር የሚመታት። ሁለቱም ተሳክቶላቸዋል።

እኛ አዳማ ነን ግን! ከከተማችን በላይ ኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይኖቹ ሲዞሩ እያየን ነው የምንጫወተው። አዳማ አንድና ሁለት የተባሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ተደምረው 204 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ነፋሳችን ስለሚያስመካ ነው። በበጋ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ የወጣ ሰው ይህን አይጠይቅም። ታዲያ ልጆቻችንን በቴሌቪዥን ያዩትን ሁለት ሜትር የሚሄድ ውርወራ ለምን እናስለምዳቸዋለን? ኳሷ አየር ላይ በቆየች ቁጥር ነፋሱ ይወስዳታል፣ ልጁ ያሳድዳታል፣ ክብደቱ ይበተናል። እዚህ ዝቅ ያለ ውርወራና አጠር ያለ እንቅስቃሴ ነው የሚያዋጣው። ውርወራው ከተበላሸ ደግሞ አለመምታት ይቻላል፤ ደንቡ ይፈቅዳል፣ ኳሷን ይዞ እንደገና መጀመር ነው። ይህንን እንኳ የማያውቁ ልጆች አሉ።

አየራችንም ስስ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ አለው። እኛ የምንጫወተው በተገኘው ነው፣ ስለዚህ ኳሷ ትፈጥናለች፣ ትረዝማለች። መድኃኒቱ ኳሷን ከታች ወደ ላይ ጠርጎ ማሽከርከር ነው፣ እሱም ያለ እግር ግፊት አይመጣም።

ስለ አቋቋም የሚከራከሩ ብዙ ናቸው፤ እኔ ጊዜ አላጠፋበትም። ከታላላቆቹ ተጫዋቾች ሮጀር ፌደረር ሁለቱን እግሮቹን አራርቆ ባሉበት ይተዋቸው ነበር፣ ሴሪና ዊሊያምስ የኋላውን ወደ ፊተኛው ታስጠጋ ነበር። ለጀማሪ የመጀመሪያው ይቀላል ባይ ነኝ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር በቀነሰ ቁጥር ሰዓቱን መጠበቅ ይቀላል። «ቁመቴ አጭር ነው» ለሚሉት ደግሞ፦ አዎ፣ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በሰዓት 253 ኪሎ ሜትር ሰርቭ የመታው አሜሪካዊው ጆን ኢስነር ቁመቱ 2.08 ሜትር ነው። ቤልጂየማዊቷ ጀስቲን ሄናን ግን 1.67 ሜትር ሆና የዓለም አንደኛ ነበረች።

አንድ ነገር ለአሰልጣኞቻችን፣ በአክብሮት። ሰርቭ በልምምዱ መጨረሻ፣ ልጆቹ ደክመው እግራቸው ሲዝል፣ «እስኪ ጥቂት ሰርቭ ምቱና ሂዱ» ተብሎ የሚሰጥ ነገር አይሁን። መጀመሪያ ላይ አድርጉት። ግማሹን ጊዜ ያለ ራኬት፣ አሮጌ ኳስ ከኋላ መስመር ከመረቡ በላይ በማስወርወር፤ ልጅ ሩቅ ሊወረውር ሲፈልግ ክብደቱን ራሱ ያመጣዋል። ለትንንሾቹም የአዋቂ ኳስ አትስጧቸው። ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዕድሜያቸው 10ና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ውድድር መደበኛው ቢጫ ኳስ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንብ ተከልክሏል፤ ቀዩ ኳስ 75 በመቶ፣ ብርቱካናማው 50 በመቶ የዘገየ ነው። ወላጆችም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ጫማና ስልክ ከምታስመጡ አንድ ከረጢት ቀይ ኳስ አስመጡ።

እናንተም አዘጋጆች፣ ከቻላችሁ የሰርቩን ደረጃዎች የሚያሳይ ሥዕል በአንድ ገጽ አውጡልን። ቆርጠን ሜዳው ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቴኒስ ወዳጅ፣ ከአዳማ