በየዓመቱ "ለመጀመሪያ ጊዜ" የሚሠራው በትር

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

በቅርቡ ስለ ተማሪዎች የፈጠራ ሥራ ዐውደ ርእይ ያወጣችሁትን ዘገባ አንዲት ባልደረባዬ በሻይ ሰዓት አነበበችልኝ። እንቅፋት ሲያጋጥመው እንደ ስልክ ቫይብሬት የሚያደርግ የዓይነ ስውራን በትር ላይ ስትደርስ ሳቄ አመለጠኝ። በልጆቹ አልሳቅሁም። ይህንኑ በትር በሦስት የተለያዩ ኮሌጆች ልጆች እጅ፣ ሦስት ጊዜ "ለመጀመሪያ ጊዜ" ሲሠራ አይቼዋለሁ። አየሁት ስል ዳበስኩት ማለቴ ነው፤ ዓይነ ስውር ነኝ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ።

ሦስተኛውን በትር ያመጣችልኝ የመመረቂያ ሥራዋን የምታዘጋጅ ልጅ ነበረች። ባትሪውና እንቅፋት የሚለየው ሴንሰር መያዣው ላይ በፕላስተር ተጠቅልለዋል። "ጋሼ፣ እስኪ ይሞክሩት" አለችኝና መገናኛ ወረድን። ታክሲ ሰልፉ አጠገብ ስንደርስ በትሩ ማባሪያ አጣ፤ ሰው በቆመበት ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ለእኔ ግን ሰው እንቅፋት አይደለም። ሰው ድምፅ አለው፤ ሲያየኝም "በዚህ በኩል" ብሎ ክንዴን ይይዛል። እኔን የሚጥለኝ ክዳኑ የተወሰደበት የፍሳሽ ጉድጓድ ነው። ግንባሬን የሚለኝ ደግሞ ከሱቅ በር ወደ መንገድ የወጣ ቆርቆሮና የቆመ አይሱዙ ስፖኪዮ ነው። ሴንሰሩ የሚያየው ፊት ለፊት፣ ወገብ ላይ ያለውን ብቻ ነበር። ጉድጓዱን የነገረኝ ያው የበትሩ ጫፍ ነው፤ ባትሪ የማይፈልገው።

"ሴንሰሩን ትንሽ ወደ ላይ አዘንብይው፤ ከደረት እስከ ግንባር ያለውን ይንገረኝ፤ መሬቱን ለበትሩ ተዪለት" አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣ "ጋሼ፣ ወረቀቱ እኮ ገብቷል፤ ዲፌንስ ሰኞ ነው" አለችኝ፤ ሥራዋን በመምህራን ፊት የምታስረዳበትን ቀን ማለቷ ነው።

በቃ፣ ያ በትር እዚያ ላይ ቀረ። በትሩን የሚያዘው የኮምፒውተር ጽሑፍ፣ ማለትም ኮዱ፣ የት እንዳለ፣ ሴንሰሩ በስንት እንደተገዛ፣ መገናኛ ላይ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ከእኔና ከእሷ በቀር የለም። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ያንኑ ሴንሰር፣ ያንኑ ወገብ ላይ ያስረዋል። ለምን ሥራዋን ለሌሎች ክፍት እንደማታደርገው ስጠይቃት አማካሪዋ "እንዳትሰረቂ፣ መጀመሪያ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አውጪ" እንዳላት ነገረችኝ። ማን ሊሰርቀው ነው? ቢሰረቅስ? የሚሰርቅልን በተገኘ!

እ.ኤ.አ. በ2011 ሪቻርድ ቫን አስ የተባለ የጆሃንስበርግ አናጺ ጣቶቹን በመጋዝ አጣ። አይቫን ኦወን የሚባል አሜሪካዊ ለጨዋታ የሠራውን ትልቅ ሜካኒካል እጅ በኢንተርኔት አየና ፈልጎ አገኘው። ሁለቱ ውቅያኖስ ተሻግረው በመጻጻፍ አብረው ሠሩ፤ ለአንድ የአምስት ዓመት ደቡብ አፍሪካዊ ልጅ የሚሆን እጅም ከዚያ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 ንድፉን በስሪዲ ፕሪንተር፣ ማለትም ዕቃን ከንድፉ አትሞ በሚያወጣ ማሽን፣ ማተም ለሚችል ሁሉ በነፃ ለቀቁት። ዛሬ ኢኔብል በሚል ስም የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች በየአገሩ እያሻሻሉ ያትሙታል። ልጅ ያድጋል፣ እጁ ይጠበዋል፤ ንድፉ ክፍት ስለሆነ ልኩን ከፍ አድርጎ እንደገና ማተም ነው።

ሩቅ ሳልሄድ፣ ይህን ደብዳቤ በምን እንደምጽፍ ልንገራችሁ። የኮምፒውተሩን ገጽ በድምፅ የሚያነብልኝ ኤንቪዲኤ የሚባል ፕሮግራም ነው። ማይክል ከራን የሚባል አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀመረው፤ ጄምስ ቴ የሚባል ጓደኛው ተቀላቀለው። ሁለቱም ዓይነ ስውራን ናቸው፤ የተዋወቁትም በልጅነታቸው በዓይነ ስውራን የሙዚቃ ካምፕ ነው። ይህን የሚሠራ ፕሮግራም ያኔ አንድ ሺህ ዶላር ገደማ ይጠይቅ ነበር። እነሱ በነፃ ሰጡት፤ ኮዱንም ለሁሉ ክፍት አደረጉት። ነፃ ሲባል ሠሪው ይራብ ማለት እንዳልሆነም ልብ በሉ፤ ድርጅታቸው በስጦታ፣ በድጋፍና በሥልጠና ሽያጭ ይተዳደራል። ጽሑፍን ወደ ብሬል፣ በጣት ወደሚነበበው የነጥብ ጽሕፈት፣ የሚቀይረው ሊብሉዊ የተባለ ፕሮግራም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው በጆን ቦየር ነው፤ ማየትም መስማትም የተሳነው ሰው ነበር። ፊደልን ከብሬል ነጥብ ጋር ከሚያዛምዱት ሰንጠረዦቹ አንዱ የእኛ ፊደል ብሬል ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ኮምፒውተር "በጉ ይበላል" የሚለውን እንዴት ያንብበው? አላልቶ ካነበበው በጉ ሣር ላይ ነው፤ አጥብቆ ካነበበው በጉ ድስት ውስጥ ነው። "ገና" ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም፤ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ደርሷል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፤ እናንተ ከዐውዱ ትረዱታላችሁ፣ ማሽኑ ግን አይረዳም። ኢስፒክ በተባለው ክፍት የድምፅ ፕሮግራም ውስጥ የአማርኛ አነባበብ ሕግ በተራ የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል፤ ማንም ከፍቶ ሊያርመው ይችላል። እንግሊዝ አገር የተቀመጠ ፕሮግራመር የትኛው ቃል እንደሚጠብቅና እንደሚላላ ከየት ያመጣዋል? የእኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ግን በአንድ ክፍለ ጊዜ ሠላሳ ቃል ያመጣሉ።

ሌላም አለ። ዓይነ ስውር ተማሪዬ "ሠረቀ" ብሎ ፀሐይን ማውጣት ፈልጎ "ሰረቀ" ብሎ ሌባ ያደርጋታል፤ ምክንያቱም ሁለቱም ለጆሮው አንድ ናቸው። ኤንቪዲኤ ለእንግሊዝኛ ፊደል "አልፋ፣ ብራቮ" እያለ የሚለይበት ዝርዝር አለው፤ እሱም በየመስመሩ አንድ ፊደል የሰፈረበት ተራ ፋይል ነው። ለእኛ አዲስ ስም ማውጣት እንኳ አያስፈልግም፤ አባቶች ጨርሰውታል። ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ይህን የሚያውቅ የቆሎ ተማሪና ፋይሉ የት እንደሚገባ የሚያውቅ የኮምፒውተር ተማሪ አንድ ከሰዓት አብረው ቢቀመጡ ያልቃል። ችግሩ የሚገናኙበት የለም።

ስለዚህ ልመናዬ ለእናንተ ነው። ኮሌጆቹን መምከር ለሌላ ይቅር። ዘጋቢዎቻችሁ ዐውደ ርእይ ሲሄዱ፣ ስለ ሜዳሊያው ከመጻፋቸው በፊት፣ "ማን ሞከረው? የት ሞከረው? ንድፉን ሌላ ሰው ከየት ያገኘዋል?" ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም ያትሙት። መልስ ከሌለም የለም ተብሎ ይጻፍ።

እኔ በበኩሌ ከተማሪዎቼ ጋር ሲላሉና ሲጠብቁ ትርጉማቸው የሚለወጥ ቃላትን መሰብሰብ ጀምሬያለሁ። እስካሁን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደርሰናል፤ "ይበላል" አሥራ አራተኛው ላይ ነው። ዝርዝሩን ለሚፈልግ ሁሉ እንድታደርሱልኝ ለዝግጅት ክፍላችሁ ልኬዋለሁ። የበትሯ ልጅም ይህን ካነበበች ትደውልልኝ፤ ዲፌንሱ አልፏል፣ አሁን ሴንሰሩን ማዘንበል እንችላለን። የመገናኛው ጉድጓድ እንደሆነ አልተከደነም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
የአማርኛ መምህር፣ ከአዲስ አበባ