ቃለ መጠይቅ ለሚጠብቃችሁ አባላት

ውድ አባላት፣

ቃለ መጠይቁ ሊያልቅ ሲል «ጥያቄ ካለህ» ወይም «ጥያቄ ካለሽ» ስትባሉ፣ እባካችሁ «የለኝም» ብላችሁ አትውጡ። መጀመሪያ የሥራ ቦታው ለምን ክፍት እንደሆነ ጠይቁ። አዲስ የተከፈተ ነው ወይስ ሰው ለቆ? ከለቀቀስ ለምን? መልሱን ብቻ ሳይሆን አመላለሱንም አስተውሉ። ጠያቂዎቹ እርስ በርስ ከተያዩ ወይም ነገሩን ካድበሰበሱት፣ ጠጋ ብሎ ማጣራት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ምን ሠርታችሁ ማየት እንደሚፈልጉም ጠይቁ። እዚህ ላይ ጥርት ያለ መልስ ከሌላቸው፣ ነገ ስትገመገሙ በምን እንደምትለኩ አታውቁም። የቅርብ አለቃችሁ ማን እንደሆነም ይነገራችሁ። ደመወዝ? እነሱ ካላነሱት ወደ መጨረሻው ዙር ብታቆዩት ይሻላል ባይ ነኝ። ድረ ገጻቸው ላይ የተጻፈውን ግን አትጠይቁ፤ አለመዘጋጀታችሁን ያሳብቃል።

በቅርቡ ቀጠሮ ያላችሁ ጥያቄዎቻችሁን ላኩልን፣ አብረን እናያቸዋለን።