ፍጥነቱን ስናይ ጣቢያውን አንርሳ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

በማግኔት ኃይል ተንሳፎ ስለሚሄደው ባቡር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አዳማ ውስጥ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ተማሪዎቼም ሰሞኑን ሌላ ወሬ የላቸውም። ግን ጽሑፉ ስለ ፍጥነት ብዙ ብሎ ስለ ሐዲዱ ዝም ማለቱ ቅር አሰኝቶኛል። ለእኛ ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የጃፓኑ ባቡር በፈረንጆቹ 2015 በሙከራ በሰዓት 603 ኪሎ ሜትር ሄዷል። የሄደው ግን ለእሱ ብቻ በተሠራ መንገድ ላይ ነው። ከቶኪዮ እስከ ናጎያ የሚዘረጋው መስመር 286 ኪሎ ሜትር ሲሆን አብዛኛው ዋሻ ነው። ወጪው ከ7 ትሪሊዮን የን አልፏል። በ2027 ይከፈታል ተብሎ ነበር፤ እሱም ተራዝሟል። ሀብታም አገር እንዲህ ከከበደው እኛ ከዚያ መጀመር አንችልም።

አንዳንድ ጀማሪ ኩባንያዎች የያዙት መንገድ ሌላ ነው። የጣሊያኑ አይረንሌቭ በ2024 ቬኔቶ ክልል ውስጥ፣ በተለመደ ሐዲድ ላይ አንድ ቶን የሚመዝን ተሽከርካሪ አንሳፎ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር አስኪዷል። ሐዲዱ ላይ ምንም አልተቀየረም፤ ማግኔቱ ያለው ተሽከርካሪው ላይ ነው። የፖላንዱ ኔቮሞ ደግሞ በ2023 በተለመደ ሐዲድ ላይ ተጨማሪ ዕቃ ገጥሞ በሙከራ በሰዓት 135 ኪሎ ሜትር ደርሷል። ቁጥሮቹ ከ603 አጠገብ ሲቀመጡ ያንሳሉ። እኔን ግን ይበልጥ ያስደሰቱኝ እነሱ ናቸው። በአዳማ የሚያልፈው የጅቡቲ መስመር በሁለቱ ብረቶች መሃል ያለው ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው። የጣሊያንም የፖላንድም ዋና ሐዲድ እንደዚሁ ነው። ሥራው ከሙከራ አልፎ ከተሳካ እኛንም ይመለከተናል ማለት ነው።

ለተማሪዎቼ አንድ ስሌት ሰጠኋቸው። ከአዳማ አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር እንበል። አሁን ያለው መስመር ለመንገደኛ ባቡር የተነደፈው በሰዓት 120 እንዲሄድበት ነው፤ ሳይቆም ከሄደ 50 ደቂቃ ይፈጃል። የማግኔት ባቡር ሆኖ በ500 ቢሄድ 12 ደቂቃ። ትርፉ 38 ደቂቃ ነው። ከዚያ ሌላውን ጨምሩበት አልኳቸው፤ ከቤት ጣቢያ በባጃጅ፣ የጣቢያው ጥበቃ፣ ከለቡ እስከ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ። አንዷ ተማሪ ቶሎ ገባት፦ «ቲቸር፣ ታዲያ የፈጠነው እኮ መሃሉ ብቻ ነው!»

ልክ ነች። ሻንጋይም ይሄው ገጥሟታል። ከፑዶንግ አየር ማረፊያ የሚነሳው ማግሌቭ (በማግኔት የሚንሳፈፈው ባቡር) 30 ኪሎ ሜትሩን በ8 ደቂቃ አካባቢ ይጨርሳል። ሎንግያንግ ጎዳና ሲደርስ ግን በቃ፣ መሃል ከተማ አይገባም። መንገደኛው ሻንጣውን እየጎተተ ሜትሮ ይይዛል።

የእኛም ነገር ከዚህ አይርቅም። የድሮው ባቡር ጣቢያ ከተማው ውስጥ ነበር፤ ናዝሬት ራሷ ያደገችው በዙሪያው ነው። አዲሱ ጣቢያ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። ዕቃ የያዘች እናት ወይም የታመመ ሰው እዚያ ለመድረስ የሚያየውን ሳስብ ያንገበግበኛል። ባቡሩ የቱንም ያህል ቢፈጥን ይህን አያቃልለውም።

ስለዚህ ቀጣዩ ጽሑፋችሁ የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች ይጠይቅልን። በባቡሩ ሰዓት ልክ ከፖስታ ቤት ተነስቶ ጣቢያ የሚያደርስ የከተማ አውቶቡስ ለመመደብ ምን ያስቸግራል? ጠዋት ሠራተኛና ተማሪ አዲስ አበባ አድርሶ ማታ የሚመልስ ባቡርስ? ይህ አዲስ ቴክኖሎጂ አይፈልግም፤ ሐዲዱም ኤሌክትሪኩም አለ። ከዚያ ጎን ለጎን የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚለኩበትና የሚሞክሩበት አጭር ሐዲድ ይፈቀድላቸው። ጣሊያኖቹ የሞከሩት 2 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ለልጆቻችን ከዚያ ያነሰም ለመጀመሪያ ይበቃል።

የፊዚክስ መምህር፣ ከአዳማ