ልጆቻችሁ በማሽን ክፍል ኮምፒውተር ፊት ለምን ይቀመጣሉ?

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች

ጉዳዩ፦ የመቁረጫ መሣሪያን ሁኔታ በምልክት ትንተና ስለመከታተል ትምህርት

ሰሞኑን አንዳንዶቻችሁ ቢሮዬ ድረስ መጥታችሁ «ልጄን ብረት መቁረጥ እንዲማር ልኬው የተጠማዘዘ መስመር ሲያይ ይውላል» ብላችሁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነውና በጽሑፍ ልመልስ።

ሌዝ (ብረቱን እያዞረ የሚያስቆርጥ) ወይም ሚሊንግ (መቁረጫውን እያዞረ የሚቆርጥ) ማሽን ላይ የሚታሰር መቁረጫ፣ ካርባይድ ከተባለው በጣም ጠንካራ ቁስ የተሠራ እንኳ ቢሆን፣ መበላቱ አይቀርም። አዲሱ ጠርዝ መጀመሪያ ፈጠን ብሎ ይበላል፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝግ ይላል፤ መጨረሻ ላይ እንደገና ይፋጠናል። ጣጣው ያለው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው። ስለቱ ሲዶለዱም ከብረቱ ጋር የሚፋተገው ገጽ ይሰፋል፣ ሙቀት ይጨምራል፣ የሥራው ልክ ይዛነፋል። ሲብስም መቁረጫው ተሰብሮ ሊጠናቀቅ የተቃረበውን ሥራ ያበላሻል። አይኤስኦ 3685 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ በእኩል የተበላ የጎን ጠርዝ የመበላቱ ስፋት በአማካይ 0.3 ሚሊሜትር ሲደርስ የመቁረጫው ዕድሜ እንዳበቃ ይቆጥራል። ይህን በማይክሮስኮፕ ለመለካት ግን ማሽኑ መቆም አለበት። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያቀረበው ቀመርም ፍጥነት ሲጨምር ዕድሜ ምን ያህል እንደሚያጥር ይገምታል እንጂ፣ አሁን የታሰረው መቁረጫ ምን ላይ እንደደረሰ አይናገርም።

ማሽኑ ሳይቆም ይህን የምናውቀው ከምልክቶቹ ነው። የመቁረጥ ኃይል፣ ንዝረት፣ የሞተሩ የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ እንዲሁም ጆሮ የማይሰማው ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ በሴንሰር፣ ማለትም ማሽኑ ላይ በሚገጠም መለኪያ፣ ይለካሉ። ባለ 4 ጥርስ መቁረጫ በደቂቃ 1200 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 20 ዙር ነው፤ ጥርሶቹም ብረቱን በሰከንድ 80 ጊዜ ይመታሉ። ስለዚህ ምልክቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም በሚያሳየው የድግግሞሽ ግራፍ ላይ 80 ኸርዝ (በሰከንድ 80 ጊዜ ማለት ነው) ጎልቶ ይታያል። አንዱ ጥርስ ከተሸረፈ ግን በየዙሩ አንድ ጊዜ ጭነቱ ይጓደላል፤ ያ ጥርስ የተወውንም ተከታዩ ደርቦ ይቆርጣል፤ በዚህ ጊዜ 20 ኸርዝ ላይ አዲስ ጫፍ ብቅ ይላል።

ሆኖም 20 ኸርዝ ላይ የታየ ጫፍ ሁሉ የተሸረፈ ጥርስ አይደለም። መቁረጫው ከመሃል ወጣ ብሎ ከታሰረም ያው ምልክት ይመጣል። ሁለቱን የሚለየው መቁረጫውን በእጁ አስሮ የሚያውቅ ሰው ነው። ለዚህም ነው ማንኛውም ተማሪ መጀመሪያ ራሱ አስሮ፣ ቆርጦና የጠርዙን መበላት በማይክሮስኮፕ ለክቶ ሳይመዘግብ ግራፍ እንዲከፍት የማንፈቅደው። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዙ ይወራል፤ እኔ ግን በትክክል ካልተለካ መረጃ የተማረ ፕሮግራም ከገማች አይሻልም እላለሁ።

ከእናንተ የምንጠይቀው ጥቂት ነው። ልጆቻችሁ ሰፊ እጅጌ ያለው ልብስ ለብሰው፣ ቀለበትና ሐብል አድርገው ወይም ረጅም ፀጉራቸውን ሳያስሩ አይምጡ። ሴንሰር የሚፈናጠር ፍቅፋቂን አያስቆምም፤ ስለዚህ የዓይን መከላከያ መነጽር ግዴታ ነው። ሙዚቃ ማዳመጫ በክፍሉ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ የማሽኑን ድምፅ መለወጥ በጆሮ መለየትም የትምህርቱ አካል ነውና። የልኬት መዝገባቸውንም በየሳምንቱ አይታችሁ ፈርሙበት።

ክፍሉን ማየት የምትፈልጉ በተግባር ትምህርት ሰዓት መምጣት ትችላላችሁ። መነጽር በር ላይ ይሰጣችኋል።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር